የማይጮኽ ውሻ ጅማ ምን ይሠራል?

ደብሊን ውስጥ አንድ ግሬይሀውንድ የሚሉት ቀጭን ሯጭ ውሻ ሶፋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ሰቅሎ ይተኛል። ጎድኑ ይታያል፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህንኑ ውሻ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ በገመድ ይዞ የሚሄድ ሰው መቶ ሜትር ሳይራመድ «ምነው፣ ይሄን ምስኪን አታበሉትም እንዴ?» መባሉ አይቀርም። እኛ አገር ጎድን ከታየ ረሃብ ነው። በዚህ ዝርያ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጎድኖች መታየታቸው የጤና ምልክት ነው። የሚያሳስበው ጎድኑ በሙሉ ሲወጣና የጭኑ ሥጋ ሲሟሽሽ ነው። አዝነንለት ብናደልበው ክብደቱ የሚያርፈው በሩጫ ዘመኑ በተጎዳው መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ግን «ውሻ ለምን ይቀለባል?» ከሚለው ነው። ጅማ ውሻ የሚቀለበው ለጩኸቱ ነው። ከተማ ውስጥ ሌሊት በር ይጠብቃል። ገጠር በቆሎ ሲያሽት ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ሲመጣ ማማ ላይ ያለውን ሰው ይቀሰቅሳል። ግሬይሀውንድ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። ሌባ ቢገባ አንድ ዓይኑን ገልጦ አይቶት መልሶ የሚተኛው ብዙ ነው።

«ታዲያ ለአደን ይሁን» የሚል አይጠፋም። ግሬይሀውንድ የሚያድነው በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው። ሲጋልብ በእያንዳንዱ እመርታ ሁለት ጊዜ አራቱም እግሩ ከመሬት ይለቃል፤ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው እንዲህ ነው። ይህ ለገላጣ ሜዳ ነው። እንግሊዞች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1836 ጀምሮ በዋተርሉ ዋንጫ ጥንቸል ሲያስባርሩት የኖሩትም ሜዳ ላይ ነበር፤ ውድድሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ሲሆን በዚያው ዓመት ሕግ አገደው። የጅማ ቡና ደን ውስጥ ግን ዓይን ሃያ ሜትር አያይም። በዚያ ፍጥነት የቡና ግንድ ያገኘ ውሻ እግሩ ይሰበራል፣ ቆዳውም ስስ ስለሆነ የአጋም እሾህ ሲነካው እንደ ወረቀት ይቀደዳል። እኛ አገር የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑም አለ።

በነገራችን ላይ ውሻ ቤት በማይገባበት የጅማ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ እንኳን አዳኝ ውሻ የተለየ ቦታ አለው። ሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ ለባለቤቱ የያዘው እንዲበላ ይፈቅዳል። የግሬይሀውንድ ዘመድ የሚመስለው ሳሉኪ ዓረቦች ድንኳን ድረስ የሚያስገቡት በዚሁ ክብር ነው።

ውጭ አገር ግሬይሀውንድ የሚቀለበው ለእግሩ ነው፤ ቁማሩም እዚያው ላይ ነው። አሜሪካዊው ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ ውሾች ሜካኒካል ጥንቸል እያባረሩ የሚሮጡበትን ክብ ሜዳ በ1919 ካሊፎርኒያ ኤመሪቪል ከፈተ፤ ሩጫው በ1926 እንግሊዝ ማንቸስተር ደረሰ። በብሪታንያ ስድስት ውሾች ይሮጣሉ፤ አንደኛው ቀይ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ነጭ ለብሶ። 480 ሜትሩ በ30 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ሩጫው ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ጫናው በቀኝ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ያለችው መሃለኛ አጥንት ስትሰበር ሙያው አበቃ። ሳይሰበርም ቢሆን በአራት በአምስት ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፣ ዕድሜው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሊደርስ ይችላል። ቀሪውን ማን ይቀልበው? ፈረንጁ ሶፋ ላይ ያስተኛው ውሻ ብዙ ጊዜ ቁማሩ የጣለው ነው። «ውሻን እንደ ልጅ ያሳድጋሉ» እያልን ስናደንቅ ይህን ግማሽ እንዘለዋለን። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በፈረንጆች 2018 ሕዝብ ይህ ሩጫ እንዲቆም ድምፅ ሰጥቶ ሜዳዎቹ እስከ 2020 መጨረሻ ሲዘጉ፣ ለሺዎች ውሾች ቤት መፈለግ ነበረበት።

እንዲህ ያለውን ውሻ ይዞ ጅማ ለመግባት የሚያስብ ካለ፣ ተራ የአንገት ማሰሪያ አይሆነውም፤ አንገቱ ከጭንቅላቱ ስለሚሰፋ ወደ ኋላ ሲጎትት ይወልቃል። ሲሳብ የሚጠብቀውንና ሰፊውን ማሰሪያ ይግዛ። ለመዥገር ተብሎ ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖን አይነካው፤ ይህ ዝርያ እንዲህ ያለ መድኃኒት ይከብደዋል። ለቀዶ ሕክምና ከተኛም ሐኪሙ ቲዮፔንታል እንዳይወጋው አስቀድሞ መንገር ነው፤ ስብ ስለሌለውና ጉበቱ ማደንዘዣውን ቀስ ብሎ ስለሚያስወግድ ለረጅም ሰዓት አይነቃም። የቀይ ደም ሴሎቹ መጠን ከ50 በመቶ በላይ ሆኖ ቢገኝ «ውሃ አጥሮታል» ተብሎ ግሉኮስ አይሰቀልለት፤ ተፈጥሮው ነው። የተረፈ ወጥ አይሰጠው፣ ሽንኩርቱ ማንኛውንም ውሻ ደም ያሳጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይከተብ። የጎረቤት ዶሮ ደግሞ ለእሱ ሜካኒካሉ ጥንቸል ናት፤ ግቢው አጥር ከሌለው አፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ አይፍቱት፣ አለዚያ የዶሮ ዕዳ ሲከፍሉ መክረም ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ክረምቱ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ትዘንባለች። የሀበሻ ውሻ ከጣሪያ ጠፈፍ ስር ተጠቅልሎ ያድራል። ይሄኛው ግን የውስጥ ፀጉር የለውም፣ አጥንቱም ሥጋ ስላልሸፈነው ሲሚንቶ ላይ ከተኛ ክርኑ ይቆስላል። ሁለት የቡና ጆንያ በገለባ ሞልቶ ማንጠፍ ይበቃዋል። ካፖርቱን ሂርማታ መርካቶ ማሰፋት ይቻላል፤ የሚለካው ከአንገቱ ሥር እስከ ጅራቱ መነሻ፣ ከዚያም ደረቱ ዙሪያ ነው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከማንሳቱ በፊት ግን መጀመሪያ ይስቃል።