ማስተካከያ፦ «ከመቶ አንድ በታች» የሚለው ቁጥር የኦክሲኮንቲን መግለጫ ላይ አልነበረም

ኦክሲኮንቲን ስለተባለው፣ ሱስ ሊያስይዝ ስለሚችለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሚተርከውን «ዶፕሲክ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ያዩ ተመልካቾች በሰፊው የተቀባበሉት ጽሑፍ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1995 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የኦክሲኮንቲን መግለጫ (ከመድኃኒቱ ጋር የሚወጣው ጽሑፍ) «ሱስ የሚይዘው ከመቶ አንድ ሰው በታች ነው» ይል ነበር ይላል። ይህ ስህተት ነው። በራሱ በመግለጫው ላይ የሰፈረው፣ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት ቀስ ብሎ መግባቱ አላግባብ የመወሰድ ዕድሉን እንደሚቀንስ «ይታመናል» የሚል ነበር። ማን እንደሚያምን አይናገርም! ዓረፍተ ነገሩ በ2001 ወጥቶ በምትኩ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ገባ።

ቁጥሩ የመድኃኒቱ ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኞች ለሐኪሞች ሲደግሙት የኖሩት ነው። መነሻው በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመች አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት ደብዳቤ ናት፤ ሆስፒታል ተኝተው እንዲህ ያለ ማስታገሻ ከወሰዱ 11,882 ሕመምተኞች፣ ቀድሞ ሱስ ካልነበረባቸው መካከል ሱስ የተመዘገበባቸው 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ቤቱ ሆኖ ለወራት ክኒን ስለሚውጥ ሰው ግን ያለችው ነገር የለም።

ልዩነቱ ተጠያቂነትን ይለያል። መግለጫውን ያጸደቀው መንግሥት ነው፤ መድኃኒቱን ይሸጥ የነበረው ኩባንያ ፐርዱ ፍሬድሪክ በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ ያለው ግን መድኃኒቱ ሱስ የማስያዝ አቅሙ አነስተኛ እንደሆነ አስመስሎ በመሸጡ ነው።

ዶክተር ፊኒክስም በእውን የነበረ ሐኪም ሳይሆን ለድራማው የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው።

ድራማውን አይተው «መድኃኒቴን ዛሬውኑ አቆማለሁ» ለሚሉ፦ በድንገት ማቆም ብርቱ የመቋረጥ ሕመም ያስከትላል፤ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።