አባቱ የማይታወቅ ሰንጋ

በምኖርበት በአሜሪካ፣ በምዕራብ ካንዛስ ንጹሕ ዝርያ የሥጋ ከብት የሚያረባ ቤተሰብ ስለ መንጋው ሲጠየቅ ወደ ግጦሹ ከመውጣቱ በፊት መዝገቡን ያወጣል። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዷ ላም ከአባትና እናቷ፣ ከአያቶቿም ጋር ሰፍራለች፤ ጥጃዋ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና ዓመት ሲሞላው ስንት እንደመዘነ ተጽፏል። በአካባቢው የሚበዛው ጥቁሩና ቀንድ አልባው አንገስ ነው። ይህ ዝርያ ወደ ካንዛስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1873 ጆርጅ ግራንት የተባለ ስኮትላንዳዊ አራት ኮርማዎች ባስመጣ ጊዜ ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የአገሪቱ አርቢዎች ማኅበር መሥርተው የዘር መዝገብ መያዝ ጀመሩ። ከአባቱ እርሻውን የተረከበ ልጅ የሚያገኛቸው ላሞች አያቱ ያረባቸው አይደሉም፤ እነዚያ ተሸጠዋል ወይም ታርደዋል። የትኛዋ ላም ከየትኛው ኮርማ ምን እንደወለደች የሚናገረው ጽሑፍ ግን ሳይቋረጥ እጁ ላይ ይደርሳል።

የሐረርጌ ገበሬ እውቀት ሌላ ቦታ ላይ ነው። በኮምቦልቻ፣ በሐሮማያና በቁልቢ ዙሪያ ያለው ገበሬ ከቆላው አርብቶ አደር የመጣውን ወጣት በሬ ገዝቶ ለጥቂት ዓመታት ያርስበታል፤ ከዚያ በደጁ አስሮ ያደልበዋል። ማሽላው ሆን ተብሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል፤ እያደገ ሲሄድ ለማሳሳት የሚነቀለው ቡቃያ፣ የበቆሎው አገዳና የጫቱ ገራባ በሸክም ወደ በሬው ይመጣል። አገዳውን እየቆረጠ በእጁ የሚያጎርሰውም አለ፤ እኛ ጉርሻን ለእንግዳ ብቻ የምናቀርብ ይመስለን ነበር። የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ስሙ የገነነው በዚህ አያያዝ ነው።

በገበያው ውስጥ ያለው ብቃትም የሚናቅ አይደለም። ገዢውና ደላላው ሻኛውን፣ የጎኑን ቆዳ፣ የጭራውን ሥር ዳብሰው የትኛው በሬ መኖ ቢያገኝ ቶሎ እንደሚሰባ ይለያሉ፤ የካንዛስ ገበሬ ይህን ለማወቅ ሚዛን ይፈልጋል። የማይጠየቅ ጥያቄ ግን አለ። ባቢሌ ገበያ ላይ ስለ አንድ ያማረ በሬ አባት ብጠይቅ ደላላው «ጋሼ፣ ሊድሩት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሳቁ ተገቢ ነበር፤ በሬው የተኮላሸ ነውና። ያሳሰበኝ ግን እዚህ ላይ ነው። የበሬውን እናትና አባት የሚያውቅ ሰው አለ፤ ቆላ ያለው አርብቶ አደር የላሞቹን የዘር ሐረግ በቃሉ ይዞታል። ይህ ሰው ግን የሸጠው ወይፈን ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደሰባ አያይም። ያደለበው ገበሬ ደግሞ ሥጋውን ያያል፣ የተወለደበትን በረት አያውቅም። በካንዛስ በአንድ ደብተር የሚገናኙት ሁለት እውቀቶች በእኛ አገር ገበያው ላይ ይለያያሉ፣ እጅግ ጥሩ ሆኖ የተገኘው ሰንጋም ቄራ ሲገባ ስለ ወንድሞቹና ስለ አባቱ ሊነግረን የሚችለውን ይዞ ይሄዳል።

ገበሬውን መውቀስ አይገባም። በጠባብ ማሳ ላይ አንድ ሁለት በሬ የሚያስር ሰው ላሞችና ኮርማ ደርቦ ሊይዝ አይችልም፤ በሬው ለእርሱ በቁም ያለ ቁጠባ ነው። የፈረንጁም መንገድ እንከን አያጣም። ሁሉም ወደ ጥቂት ዝነኛ ኮርማዎች ሲሮጥ ዘሩ ይጠብባል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ አንገሶች ላይ ጥጆችን አካለ ስንኩልና ሙት አድርጎ የሚያስወልድ የዘር ጉድለት የተሠራጨው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለቱን ተከትሎ ወደ አንድ ዝነኛ ኮርማ የዘር ሐረግ ያደረሰውም ያው መዝገብ ነበር።

ስለዚህ የአንገስ ዘር ይምጣልን ማለቴ አይደለም፤ ሻኛ የሌለውን ከብት የሐረር ሥጋ ቆራጭ ምን ብሎ ይቀበለዋል? ዘሩ እኛው ዘንድ አለ። ቦረና የተባለው ከብት መነሻው የእኛው ደቡብ ሆኖ ሳለ የአርቢዎች ማኅበር የተመሠረተለት ግን በኬንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ያለው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ድጋፍ የተቋቋመ የግብርና ኮሌጅ ነበር፤ ከኋላው የቆላው መንጋ፣ በደጁ አድላቢው ገበሬ አሉ። በወይፈኑ ጆሮ ላይ የሚሰካ አንድ ቁጥር ከበረቱ እስከ ቄራው ቢከተለው፣ አድላቢውም አባቱ ለታወቀ ወይፈን ጥቂት ብር ጨምሮ ቢከፍል፣ አርብቶ አደሩ የትኛውን ኮርማ ማቆየት እንዳለበት ከገበያው ይሰማል። ቁጥሩን የሚያሻግረው ሰው ማን ይሁን ከተባለ ደግሞ፣ ሻጩንም ገዢውንም በስም የሚያውቀው ያ የሳቀብኝ ደላላ ይቀርባል፤ የድካሙን እስከተከፈለው ድረስ።