ላብራቶሪ የሚፈልገው የሚቆይ ተማሪ ነው

ሐኪም ለመሆን አስቦ፣ «ላብራቶሪዎ ውስጥ ልሥራ» የሚል አንድ ዓይነት ኢሜይል ለሃምሳ ፕሮፌሰሮች ልኮ መልስ ያጣ ተማሪ «ሰው የለኝም» ብሎ ያዝናል። አልፈርድበትም። በአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ማመልከቻውም ከውጤትና ከመግቢያ ፈተናው ከኤምካት ሌላ ምን ሲሠራ እንደቆየ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ምርምር ይፈልጋል። ኢሜይሉ ግን «በሥራዎ እጅግ ተደንቄያለሁ» ይላል እንጂ በየትኛው ሥራ እንደተደነቀ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1921 ሐኪሙ ፍሬድሪክ ባንቲንግ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ፍለጋ ሲነሳ፣ ሊረዱት የቀረቡት ተማሪዎች ቻርልስ ቤስትና ክላርክ ኖብል ማን ይቅደም ብለው ሳንቲም ጣሉ። ዕጣው ለቤስት ወጣ። ቤስት የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና መጨረሱ ነበር፤ ሐኪም የሆነው በኋላ ነው። ሥራው የውሾችን የደም ስኳር መለካት ነበር። የሰመሩን ጊዜ ሊካፈሉ ነበር ሐሳባቸው፤ የኖብል ተራ ሲደርስ ግን ቤስት ልኬቱን ተክኖት ስለነበር እሱው ቀጠለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሳንቲሙ ነው። እኔ ደግሞ ቦታውን ያጸናለት ያ አሰልቺ ልኬት ይመስለኛል።

አዲስ ተማሪ ማሠልጠን ለላብራቶሪው ወጪ ነው። ሸክሙ የሚያርፈውም ፕሮፌሰሩ ላይ ሳይሆን የዶክትሬት ተማሪዎቹ ላይ ነው። እጁ ሲፈታ የሚሄድ ሰው ማን ይፈልጋል? ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት መግቢያ ጀምሮ «በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት፣ እስክመረቅ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከወረፋው ይቀድማል። ለሕክምና ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ኤንአይኤች፣ «ሪፖርተር» የሚባል ለሁሉም ክፍት የመረጃ ቋት አለው፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲያስገቡበት ማን በምን ርዕስ ገንዘብ እንደተሰጠው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነም ያሳያል። ገንዘቡ ገና የጀመረለት ተመራማሪ ሥራ አለው። ከጽሑፎቹ አንዱን አንብቦ፣ ያልገባውን አንድ ጥያቄ በአምስት ስድስት መስመር መጻፍ ከሃምሳው ኢሜይል ይሻላል። በሳምንቱ ዝም ካሉ አንዴ ማስታወስ ነውር የለውም።

የሕሙማንን መዝገብ መመርመርም ምርምር ነው፤ ግን የሥነ ምግባር ቦርዱ ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል፤ ፈቃድ ሲጠብቅ ሰመሩ ያለቀበት ብዙ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሰመር የምርምር ፕሮግራሞች ለተማሪው ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ግን ለአሜሪካ ዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ነው።

አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የማመልከቻ ቅጽ የሚቀበለው ቢበዛ 15 ተሞክሮ ነው፤ ከነዚያም ሦስቱን ብቻ ዋና ብሎ መለየት ይቻላል። ኤምዲ-ፒኤችዲ (የሐኪምነትና የተመራማሪነት ጥምር ዲግሪ) ለማይፈልግ፣ ምርምርንም ለማይወድ ተማሪ ያንን ጊዜ ከሕሙማን ጋር ማሳለፍ ያዋጣዋል ባይ ነኝ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ በነፃ መሥራት የሚችለው የቤት ኪራይ የማያስጨንቀው ልጅ ነው። እና ሌላው ተማሪ «ክፍያ አለው? ካልሆነስ እንደ ኮርስ ይቆጠርልኛል?» ብሎ በመጀመሪያው ስብሰባ ይጠይቅ። አብዛኞቹ ፕሮፌሰሮች ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ይሰሙታል።