ባለ 5 ብሎን ያያችሁ?

ይቺን ቅዳሜ ሁለት ወር ጠብቄያታለሁ። ልጆቹ ልደት ተጠርተው ሄደዋል። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ተኝታለች። ጋራዡ የኔ ነው። ቡናዬን ይዤ ወረድኩ፤ ዛሬ ያቺን ሲኤንሲ ማሽን አቆማታለሁ ብዬ። አልቆመችም። 12 ብሎን ጎደለኝ። ኤም 5፣ ማለትም ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 25። በቃ፣ ይኸው ነው ጉዴ።

ነገሩን ለማታውቁት፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ማሽኗ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ በኮምፒውተር እየታዘዘች እንጨትና ቀጭን አሉሚኒየም የምትቀርጽ ትንሽ ነገር ናት። የዚህ ዓይነት ማሽን ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው በሚሊ ሜትር ነው። አሉሚኒየሙ 20 በ20። ኩሽኔታው የውስጥ ቀዳዳው 8፣ ውጪው 22። ስዕሉም እንደዚያው። ሰፈሬ ያለው ግዙፍ የግንባታ ዕቃ መደብር ግን ከኢንች ሌላ ቋንቋ አይሰማም።

ሄድኩ። የብሎን መደርደሪያው ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ለመድረስ ታክሲ ያስፈልገዋል። ሁሉም ኢንች። ሚሊ ሜትሩ የታለ? እታች፣ ወለሉ ጋ፣ አራት መሳቢያ። ተንበረከክሁ። ባለ 16 አለ። ባለ 20 አለ። ባለ 30 አለ። የ25ቱን መሳቢያ ስስበው ውስጡ አንድ ሰው የረሳው ሮንዴላ ብቻ ነው። ያሉትም ቢሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው በላስቲክ ታሽገዋል። ዋጋቸውን ሳየው ወርቅ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«ታዲያ ባለ 30 ገዝተህ ሮንዴላ አትደርብበትም?» የምትሉ ይኖራችኋል። አምስት ሚሊ ለመሙላት ስንት ሮንዴላ ልደርድር? ማሽን እየሠራሁ ነው ሻሽሊክ? ቁረጠው የሚለኝም አይጠፋም። 12 ብሎን በብረት መጋዝ ቆርጬ፣ ጫፉን ሞርጄ፣ ልጆቹ ከልደት ይመለሳሉ።

ተንበርክኬ ሳለሁ አንድ ደግ ሽማግሌ ሠራተኛ መጡ። ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «10-32 ውሰድ፣ ያው ነው» አሉኝ።

ያው አይደለም! ይቺን «ያው ነው» አውቃታለሁ፤ አምና አቃጥላኛለች። 10-32 የሚሉት የኢንች ብሎን ውፍረቱ 4.83 ሚሊ ሜትር ነው። የኔ 5 ነው። የጥርሱ ርቀት የሱ 0.79፣ የኔ 0.8። አያችሁ ተንኮሉን? እምቢ ቢል እኮ ጥሩ ነበር፤ ታውቀዋለህ፣ ትመልሰዋለህ። ይሄኛው ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ትንሽ ላላ ይላል እንጂ የያዘ ይመስላል። አምና በዚሁ ብሎን የአንድ ማሽን ሞተር ማቀፊያ አሰርኩ። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ማታ ላይ ጠበቅ ላድርገው ብዬ ሩብ ዙር ሳዞረው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ልጦ ይዞት ወጣ። ደግሞ ይሄ 10 የሚሉት ቁጥር የ10 ምንም አይደለም። ሚሊም አይደለም፣ ኢንችም አይደለም። ቁጥር 10 ማለት 0.190 ኢንች ማለት ነው። ማን እንዲህ ይቆጥራል?

መፍቻውም ያው ነው። ለኤም 3 ብሎን ባለ 2.5 ሚሊ አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ያስፈልጋል። የኔ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት የ3/32 ኢንች ነው፤ ሲሰላ 2.38 ይሆናል። አስገባሁት፣ ያዘ። ሳጠብቀው «ጭርቅ» አለ። የብሎኑ ራስ ውስጡ ክብ ሆኖ ቀረ። እሱን ለማውጣት ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻና ከልጆች ፊት የማይባል ስድብ ፈጅቷል። ሞተሩ ደግሞ ኔማ 17 ነው። ይሄ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ነው፤ 17 የተባለውም ፊቱ 1.7 ኢንች ስለሆነ ነው። የሚታሰረው በምንድን ነው? በኤም 3! ቀዳዳዎቹም 31 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ስሙ ኢንች፣ ብሎኑ ሚሊ።

በጣም የሚያናድደኝ፣ ይቺ አገር ሜትርን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1866 ሕጋዊ አድርጋዋለች። በ1875 የሜትርን ስምምነት ፓሪስ ላይ ከፈረሙት አንዷ ናት። ከ1959 ጀምሮ ኢንች ራሱ ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ተደንግጓል። ማለትም ኢንች የሚሊ ሜትር ልጅ ነው! በ1975 ወደ ሜትር እንግባ የሚል ሕግ አወጡ፤ ግን በፈቃደኝነት አሉት። ሥራውን እንዲመራ የተቋቋመውን ቦርድ በ1982 በተኑት። በ1999 አንደኛው ወገን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን አስልተው ማርስ የደረሰች መንኮራኩር አጡ። እኔ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ያጣሁት፤ ተመስገን። መኪናዬ እንኳ እዚሁ አገር ተገጣጥማ ብሎኗ በሙሉ ሚሊ ሜትር ነው። ፋብሪካው ያገኘውን እኔ መደብር ውስጥ ተንበርክኬ አጣሁት።

ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሰፈራችን ጋራዥ ነበር። መካኒኩ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ያወጣና «13 አቀብለኝ» ይላል። አቀብላለሁ። የኤም 8 ብሎን ራስ 13 ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። እዚህ ቢሆን «1/2 አልበቃም፣ 9/16 አቀብለኝ» ሊለኝ ነው። ክፍልፋይ ማወዳደር የአምስተኛ ክፍል ፈተና እንጂ የጋራዥ ሥራ ነው እንዴ? እርግጥ እኛም ንጹሕ አይደለንም። ቧንቧ ስንገዛ «ባለ ግማሽ ኢንች» ነው የምንለው። ቧንቧውን ይቅር ብያለሁ።

ከኢንተርኔት አዘዝኩ። ማክሰኞ ይደርሳል አሉ። የፈለግሁት 12 ነው፤ ትንሹ ፓኬት 50 ይዟል። ማክሰኞ ደግሞ ሥራ አለኝ፤ ልጆቹም ቤት ናቸው፤ ጋራዡም የኔ አይደለም።

እህቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ ትመጣለች። ደወልኩና «ሽሮው ይቅርብኝ፣ መርካቶ ሂጂና ባለ 5 ብሎን በየርዝመቱ መቶ መቶ ያዢልኝ፣ ዳዶና ሮንዴላውንም ጨምሪበት» አልኳት። ሳቀች። ከጀርባዋ እማዬ ሰምታ ኖሮ ስልኩን ተቀበለቻት።

«አንተ፣ አሜሪካ ብሎን የለም እንዴ?»