ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ልምምዱ
ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በብሬመርተን ከተማ የመንግሥት ሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ የነበረውን ጆሴፍ ኬኔዲን የእምነት ጽናት ምሳሌ አድርጎ አቅርቦታል። ከጨዋታ በኋላ ሜዳ መሃል ተንበርክኮ መጸለዩን አልተውም በማለቱ በ2015 ከነደመወዙ ታገደ፤ በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 ፈረደለት። የመጸለይ መብቱን አልቃወምም። ግን በ2023 ተመልሶ አንድ ጨዋታ ብቻ ሠርቶ መልቀቁን ጸሐፊው ለምን ዘለሉት?

እኔ የምኖረው ከብሬመርተን ባሕር ማዶ፣ ሲያትል ነው። ልጄ ሃይስኩል ፉትቦል ይጫወታል (የኛን እግር ኳስ ሳይሆን ያንን በሄልሜት የሚላተሙበትን፤ እናቱ እስካሁን አልተዋጠላትም)። አምና ኳርተርባካቸው (ኳሷን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ትከሻው ተጎድቶ ከጨዋታ ውጭ ሆነ። ተጠባባቂው ገና የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ መወርወሩ ቀርቶ ኳሷን ሲቀበል እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። አሠልጣኛቸው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር ጸሎተኛ ሰው ነው። ሰኞ ልምምድ ላይ ግን ሲለፋበት የከረመውን የውርወራ ዕቅድ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ኳሷ በቀጥታ ለሯጩ የምትሰጥበትን፣ ዋይልድካት የሚሉትን አሰላለፍ ማስጠናት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ በሰፊው ተሸነፉ፤ ወላጆችም አጉረመረምን። የተጎዳውንም ልጅ ቤቱ አላስቀመጠውም፤ ከሜዳው ጠርዝ አቁሞ ለታናሹ ምልክት እንዲሰጥ አደረገው።

እስቲ እንዲህ ያለውንም አሠልጣኝ ጻፉልን። ክስ ስላልመሠረተ ነው መሰለኝ ማንም የማያውቀው።