ለክቡር ባለ ሦስት ንጣፍ ማስክ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለቅሶ ቤት ያደረሱብኝን ውርደት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። «ባሉበት» ያልሁት ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ አድራሻዎን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ ስለማይበቃኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ብቻ ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ቦይ ውስጥ ተኝተው፣ አጥር ሽቦ ላይ ተሰቅለው፣ አንዲት ቡችላ በጥርሷ ስትጎትትዎ አግኝቼዎታለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሐሙስ የምርመራ ውጤት ለመቀበል ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ክቡርነትዎን አገጩ ላይ እንደ ጢም አንጠልጥሎ «ያለ ማስክ አይገባም» አለኝ። ተመልሼ ሶፍትና ማስቲካ ከሚያዞረው ልጅ እጅ ገዛሁዎ። ውስጥ ስገባ ከተሰለፈው ሰው ግማሹ ክንዱ ላይ፣ ግማሹ አንገቱ ላይ አድርጎዎታል፤ አፍና አፍንጫችንን በሥርዓት የሸፈንነው እኔና አንዲት አራስ ብቻ ነበርን። የካርድ ክፍሏ ልጅ ስሜን ሦስት ጊዜ ብነግራት አልሰማ ስላላት «ጋሼ፣ አውልቀውት ይናገሩ» አለችኝ። ሳወልቅዎ የጆሮ ማንጠልጠያዎ ተበጠሰ። መጣያ ፈለግሁ። የኮሪደሩ ቅርጫት ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል፤ ሌላው መርፌ ብቻ የሚጣልበት ነው ተባልሁ። እኔም ቆሻሻ መሬት ላይ የማልጥል ጨዋ ሰው ነኝና አጣጥፌ ጥቁር ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁዎ። ጨዋነቴ እንዲህ ያዋርደኛል ብዬ አልጠረጠርሁም።

ሰኞ ለቅሶ ስለነበረብኝ ቅዳሜ ዕለት ባለቤቴ ጃኬቱን ከሌላው ልብስ ጋር ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ኪሱን ግን አልፈተሸችም። አሸችው፣ ጨመቀችው፣ ደግማ አሸችው። ሰኞ ጠዋት በጥድፊያ ለብሼው ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ እንደተቀመጥሁ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት እጅጌዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጥጥ ስትፈለቅቅ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጥቁሩ ጃኬት ከእጅጌ እስከ ኮሌታ ሽበት አብቅሏል። እናትየው መልቀም ጀመሩ። ከኋላዬ የነበሩት ሰውዬም አገዟቸው። እኔ በእጄ ሳራግፍ ነጩ ብናኝ የጎረቤቴ ጥቁር ነጠላ ላይ አረፈ፤ እርሷም በተራዋ ታራግፍ ጀመር። በመጨረሻ ሐዘንተኛዋ ራሷ፣ አባቷን በቀበረች በማግስቱ፣ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ከትከሻዬ ላይ አንድ ረጅም ክር መዘዘችና ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ላጽናናት ሄጄ እርሷ አበጠረችኝ።

«ማስክ ነው» አልሁ ቀስ ብዬ።

«ማስክ ጨርቅ አይደለም እንዴ?» አሉ እናትየው። «ጨርቅ እንዲህ ይበተናል?»

ክቡር ሆይ፣ እኚህ እናት የጠየቁትን አገር ምድሩ ሳይጠይቅዎ ኖሯል። ጨርቅ መስለው ገብተው፣ ጨርቅ ተብለው ኖረው፣ እንደ ጨርቅ ይበሰብሳሉ ተብለው ይጣላሉ። ጤፍ የሚቋጠርበት ማዳበሪያ ከሚሠራበት ከዚያው ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ፕላስቲክ መሆንዎን ግን ማንም ልብ አላለም። በተለይ መካከለኛው ንጣፍዎ፣ ያ ተሕዋሲ ያጣራል ተብሎ የተመሰገነው፣ ቀልጦ በአየር ግፊት ከተነፋ እጅግ ቀጭን ክር የተሠራ ስለሆነ ሲተሽና ፀሐይ ሲመታው ይበጣጠሳል እንጂ አይበሰብስም። ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ የሚል የማዕረግ ስም ይሰጠዋል። ሚላን ያሉ ተመራማሪዎች በጨረር ያረጀ አንድ ማስክ በጨው ውሃ ውስጥ አጥብቀው ቢያማስሉት በቀን እስከ 173,000 ክር ሊለቅ እንደሚችል አስልተዋል። እኔ ከለቅሶው ስመለስ ለመቁጠር ሞክሬ አርባ ሁለት ላይ ታከተኝ። የእኛው አገር ሰውም አላንቀላፋም፤ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ገና በ2020 እ.ኤ.አ. ማስክ የማይክሮፕላስቲክ ምንጭ እንደሚሆን በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጽፎ አስጠንቅቋል። እኛ ያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ ስናይ ብቻ እርስዎን ከኪስ እናወጣ ነበር።

የቆየ ቂም አላበዛም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ሰዓት ዋጋዎ እንዴት ጣሪያ እንደነካ አልረሳሁም፤ ይቅር ብያለሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍልና የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን ሥራም አከብራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅም ምስኪኑ ፌስታል ተወግዞ እርስዎ ጨርቅ መስለው በጎን አለፉ፤ ለዚህ ብልጠትዎ እጅ ነሥቻለሁ።

አሁን ግን የሳፋው ውሃ የት እንደገባ ልንገርዎ። ባለቤቴ ደጅ ካለው ቦይ ደፋችው፤ ቦዩ ቀበና ይገባል፣ ቀበና ትልቁን አቃቂ፣ አቃቂ አባ ሳሙኤልን፣ ከዚያም አዋሽን። ሌላው ዓለም ስለ እርስዎ ሲያለቅስ ስለ ውቅያኖስና ስለ ዓሣ ነባሪ ነው። አዋሽ ግን ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ አፋር በረሃ ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እኛ የጣልነውን ጠርጎ የሚወስድልን ባሕር የለንም፤ የለቀቁት ክር ሁሉ እዚሁ፣ ደለሉና እርሻው ውስጥ ይቀራል። በአቃቂ ዳር በዚሁ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። አፌን እንዲሸፍኑ ገዝቼዎት ወደ አፌ የሚመለሱበትን መንገድ በገዛ ሳፋዬ ጠረግሁልዎ። ዝዋይም አልተረፈችም፤ እርስዎ ገና ሳይነግሡ በተሰበሰቡት ዓሦቿ ላይ የተደረገ ጥናት ከተመረመሩት 35 በመቶው ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ቤቱ አስቀድሞ ሞልቶ ነው በላዩ የመጡበት።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፍ ነበር። በሩ ላይ ማስክ የሚያስገዛ ሰው የቀጠረ ተቋም ውስጡ ክዳን ያለው አንድ መጣያ ማስቀመጥ እንዴት አቃተው? ሐኪም ያዘዘው ጥንቃቄ ነው እንዳልል ከበሩ በኋላ የሚጠነቀቅ የለም፤ መግቢያ ትኬት አድርገውዎታል፣ ትኬት ደግሞ ከገቡ በኋላ ይጣላል። ክረምት ሲገባ ቦዩ በእርስዎ ታፍኖ ጎርፉ ደጃችን ሲሞላ፣ ያን ጭቃ በእጃቸው የሚዝቁት በነጠላ ጫፍ አፍንጫቸውን የሸፈኑ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። በአቧራና በግማት ውስጥ የሚውሉት እነርሱ ማስክ የላቸውም፣ ለአሥር ደቂቃ ካርድ ለማውጣት የገባሁት እኔ ግን ግዴታ አለብኝ!

ስለዚህ ክቡርነትዎ ጃኬቴ ላይ የቀሩትን ክሮችዎን እንዲሰበስቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምርመራ ውጤቴ «ሐሙስ ይመለሱ» ተብሎ ስለ ተቀጠረ ነገ እዚያው በር ላይ መገናኘታችን አይቀርም፤ ኪስ የሌለው ልብስ እለብሳለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጥበቃው፣ አገጩ ላይ
ለቀበና ወንዝ፣ እንዲያውቀው
ለሐዘንተኛዋ፣ ከይቅርታ ጋር