ዱዓ ላይ ካሜራ ይግባ ወይስ አይግባ?

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ አባት የቤቱን ውሎ፣ ዱዓና መንዙማውን ጨምሮ፣ እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ ይለቃል። ደሴ የምታስተምር መምህርት ደግሞ ይህን ትቃወማለች። ሁለቱ ተጻጻፉ።

መምህርት (ደሴ)፦ ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር በመንዙማ ያደግኩ ነኝ፤ ጠቤ ከመንዙማው ጋር አይደለም። ባለፈው የለቀቁትን አየሁት። ትንሿ ልጅዎ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። መሃል ላይ ቀና ብላ ካሜራውን አየች። ከዚያ እጇን ከፍ አድርጋ እንደ አዲስ ጀመረች። ያን ጊዜ ማንን ነበር የምትለምነው?

አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ ደገር የሚባል 19 ልጆች ያሉት አጥባቂ ክርስቲያን ቤተሰብ አለ። ከ2008 እስከ 2015 (በፈረንጆቹ) ኑሯቸው በቲኤልሲ ቴሌቪዥን ታየ። ከልጆቹ አንዷ ጂል በ2023 እንደተናገረችው፣ የቀረጻውን ውል የፈረመችው በሠርጓ ዋዜማ፣ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳታውቅ ነው። ሠርጓም ወሊዷም ተቀረጸ። ካደገች በኋላ ለሠራችበት 7 ዓመት ተኩል ሳንቲም አልተከፈለኝም ብላለች። እንዴት እምቢ ትበል? አባትን አለመታዘዝ ፈጣሪን እንደ መድፈር በሚታይበት ቤት ነው ያደገችው።

አባት (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ያ ሌላ ነው። እነሱ ጋ ድርጅት አለ፣ ውል አለ። እኔ ያለኝ አንድ ስልክ ነው። የማገኘውም የኢንተርኔት ጥቅል ቢሸፍን ነው። ጂዳ ያለችው እህቴ 9 ዓመት አልመጣችም፤ የልጆቼን ድምፅ የምትሰማው በዚህ ነው።

መምህርት፦ ለአክስታቸው ከሆነ በኢሞ ይላኩላት፤ ዩቲዩብን ምን አመጣው? ድርጅት የለኝም ላሉት ደግሞ፣ የአሜሪካው ኢሊኖይ ግዛት ከሐምሌ 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሕግ አለው። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጁ ቪዲዮ በብዛት ከታየ፣ የገቢው ድርሻ 18 እስኪሞላው ይቀመጥለታል። ለኔ ግን ብሩ አይደለም ዋናው። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ቁርኣን ሲቀራ ተሳስቶ ያለቀሰበትን ቪዲዮ ልጆች በስልካቸው ይዘውታል። በእረፍት ሰዓት ለቅሶውን ያስመስሉበታል። አባቱ አጠፋው፤ እነሱ ጋ ግን አለ። ከዚያ ወዲህ ጮክ ብሎ አያነብልኝም።

አባት፦ ይሄኛው ነካኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያንን ዱዓ 3 ጊዜ ነው ያስደገምኳት። መብራቱ አላምር ብሎኝ ነበር። እሱን አወርደዋለሁ። መንዙማውን ግን አልተውም። ትልቁ ልጄ ድቤውን ራሱ ነው የሚመታው። ሐሙስ ሲደርስ «ዛሬ አንቀርጽም?» የሚለኝ እሱ ነው።

መምህርት፦ እንግዲያው አንድ ሐሙስ ስልኩን ሳይዙ አብረውት ይቀመጡ። ያን ቀን ድቤውን እንዴት እንደመታ ይጻፉልኝ።